መረቦች እርስ በርሳቸው መንገድ የሚጠቋቆሙበት ሥርዓት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት ርእስ በስሙ ለአብዛኞቻችን የታወቀ፣ በአሠራሩ ግን ከመካከላችን ጥቂቶች ብቻ በእጃቸው የነኩት ነው። ይኸውም በዓለም ዙሪያ ተበትነው የሚገኙት የኮምፒዩተር መረቦች፣ የበላይ አዛዥ ሳይኖራቸው፣ አንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን መንገድ እንዴት እንደሚያውቅና ይህም ዕውቀት በራውተር ላይ እንዴት እንደሚጻፍ የሚመለከት ነው። ዓላማዬም ሁለት ነው። አንደኛው የሥርዓቱን አሠራር በሚቻለኝ መጠን ግልጽ አድርጎ ማቅረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ይህን ሙያ በአገራችን በምን ዘዴ ልንማረውና ልናስተምረው እንደሚገባን ሐሳቤን መሰንዘር ነው። በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

መንገደኛውና የየከተማው ነዋሪ

ካርታ ባልነበረበት ዘመን ከጅማ ተነሥቶ መቀሌ ለመድረስ የፈለገ ነጋዴ ምን ያደርግ እንደነበር እናስብ። ጅማ ላይ የሚያገኘው ሰው መቀሌን አይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ወደ ሰሜን የሚሄድ ሁሉ በየትኛው በር እንደሚወጣ ያውቃል። መንገደኛውም በየደረሰበት ገበያ እንደገና እየጠየቀ፣ እያንዳንዱ ነዋሪ ቀጣዩን አንድ ምዕራፍ ብቻ እየጠቆመው ከሐሳቡ ይደርሳል። አጠቃላዩን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያውቅ አንድም ሰው ባይኖር ጉዞው አይደናቀፍም።

የኢንተርኔትም አካሄድ በመሠረቱ ይኸው ነው። የምንልከው መልእክት በትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የመድረሻው አድራሻ ተጽፎበታል። በየመገናኛው የተተከለው ራውተር አድራሻውን አንብቦ እሽጉን ለሚቀጥለው ራውተር ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ እሽግ የሚያስታውሰው ነገር የለም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ራውተሩ ቀጣዩን ተቀባይ ከየት አወቀው? የሚል ይሆናል።

በአንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ መልሱ ቀላል ነው። ራውተሮቹ ሁሉ የአንድ ባለቤት ንብረት ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ይተማመናሉ፤ የግቢውን ካርታ በሙሉ ተለዋውጠው አጭሩን መንገድ ያሰላሉ። ችግሩ የሚመጣው መረቡ ከግቢው አጥር ሲወጣ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው መረብ የሌላ ባለቤት ነው፤ የራሱ ጥቅም፣ የራሱ ውል፣ የራሱ ምስጢር አለው። የውስጥ ካርታውን ለባዕድ አያሳይም፤ መንገዱንም ለመጣው ሁሉ በነፃ አይከፍትም። ስለሆነም በመረቦች መካከል የሚሠራው ሥርዓት ከአጭር መንገድ ይልቅ ፈቃድን የሚያስቀድም መሆን ነበረበት።

ከናፕኪን ላይ ወደ ዓለም

የመጀመሪያው ሙከራ በ1982 ተጽፎ የወጣውና ኢ.ጂ.ፒ. በመባል የታወቀው ፕሮቶኮል ነበር። ይህ ፕሮቶኮል መረቦች ሁሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከአንድ ግንድ የሚወጡ መሆናቸውን ያስባል። ግንዱ አንድ በነበረበት ጊዜ ሥራውን አከናውኗል። ቅርንጫፎቹ ከግንዱ ሳያልፉ እርስ በርሳቸው መያያዝ ሲጀምሩ ግን መልእክት በክብ እየዞረ የሚጠፋበት ሁኔታ ተፈጠረ።

በጃንዋሪ 1989 የኢንተርኔት መሐንዲሶች በኦስቲን፣ ቴክሳስ በተሰበሰቡበት ወቅት የሲስኮው ኬርክ ሎሂድና የአይ.ቢ.ኤሙ ያኮቭ ሬክተር በምሳ ሰዓት የአዲስ ፕሮቶኮል ንድፍ በወረቀት ናፕኪን ላይ ነደፉ። በዚያው ዓመት በጁን ወር የታተመው ይህ ፕሮቶኮል ቢ.ጂ.ፒ. ይባላል፤ የድንበር በር ፕሮቶኮል ማለት ነው። ንድፉ ጊዜያዊ ማስታገሻ ይሆናል ተብሎ ቢታሰብም፣ አራተኛው እትሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ እስከ ዛሬ ድረስ የዓለምን መረቦች የሚያያይዘው እርሱ ነው። አሁን የምንመራበት ዋና ሰነድ በ2006 ታርሞ የወጣው ነው።

በዚህ ሥርዓት በአንድ አስተዳደር ሥር ያለና አንድ የመንገድ መመሪያ የሚከተል የመረብ ክምችት ራስ ገዝ መረብ ይባላል። እያንዳንዱ ራስ ገዝ መረብ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ በመጀመሪያ በ16 ቢት ይጻፍ ስለነበር ከ65,536 ሊበልጥ አይችልም ነበር፤ ይህም እንደማይበቃ በመታወቁ ከ2007 ጀምሮ ወደ 32 ቢት እንዲሰፋ ተወስኗል። ቁጥሮቹንና የአድራሻ ክልሎቹን የሚያድሉ 5 አህጉራዊ መዝገብ ቤቶች ሲኖሩ፣ የአፍሪካው አፍሪኒክ ይባላል፤ መቀመጫው ሞሪሸስ ሲሆን በ2005 ዕውቅና አግኝቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በዓለም መረብ ላይ የሚታወቅበት ዋና ቁጥር 24757 ነው።

ጎረቤታሞች ምን ይነጋገራሉ?

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው ሁሉ፣ ቢ.ጂ.ፒ.ም የሚያነጋግረው ጎረቤቱን ብቻ ነው። ሁለት ራውተሮች ጎረቤታሞች የሚሆኑት ግን በአጋጣሚ ሳይሆን የሁለቱም መሐንዲሶች አስቀድመው ተስማምተው አንዱ የሌላውን አድራሻና ቁጥር በራውተሩ ላይ ሲጽፍ ነው። አንደኛው ወገን ብቻ ቢጽፍ ግንኙነቱ አይከፈትም። ግንኙነቱ የሚካሄደው በቲ.ሲ.ፒ. በር 179 ሲሆን ዋናዎቹ የመልእክት ዓይነቶች 4 ናቸው። የመጀመሪያው የመተዋወቂያ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው፣ ዋናው የሥርዓቱ ጉዳይ፣ መንገድ የሚታወጅበት ወይም የሚሻርበት ማስታወቂያ ነው። ሦስተኛው አለሁ የሚል አጭር ምልክት ሲሆን፣ አራተኛው ስሕተት ሲደርስ ምክንያቱን ተናግሮ ግንኙነቱን የሚዘጋ ነው።

ዋናው ሰነድ እንደሚመክረው የአለሁ ምልክት በየ30 ሴኮንድ ይላካል፤ 90 ሴኮንድ ሙሉ ምንም ድምፅ ካልተሰማ ጎረቤቱ እንደሌለ ተቆጥሮ ከእርሱ የተሰሙት መንገዶች በሙሉ ይሰረዛሉ። ይህን እዚህ ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በቢ.ጂ.ፒ. ዘንድ ዝምታ ራሱ መልእክት ነው።

ማስታወቂያው ሲተረጎም ይህን ይመስላል፦ ይህ የአድራሻ ክልል በእኔ በኩል ይደረሳል፤ እስከ እኔ የመጣበት የመረቦች ተርታም ይህ ነው። ጎረቤትየው ይህን ተቀብሎ ለሌላ ጎረቤት ሲያስተላልፍ የራሱን ቁጥር በተርታው ፊት ይጨምራል። ስለዚህ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የተናጋሪዎቹ ስም አብሮት ይጓዛል። አንድ ራውተር የራሱን መረብ ቁጥር በተርታው ውስጥ ካገኘ፣ ወሬው ከእርሱ ወጥቶ ዞሮ የተመለሰ መሆኑን ያውቅና አይቀበለውም። የቀድሞውን ፕሮቶኮል ያስቸገረው የክብ ጉዞ በዚህ ቀላል ብልሃት ተወገደ።

ለአንድ የአድራሻ ክልል ከሁለትና ከሦስት ጎረቤት ማስታወቂያ ሲመጣ ራውተሩ አንዱን ይመርጣል። ምርጫው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የሚታየው የመረቡ ባለቤት ራሱ የሰጠው የምርጫ ክብደት ነው። ይህ እኩል ከሆነ የመረቦቹ ተርታ የሚያንሰው ይመረጣል። ከዚያም የማስታወቂያው አመጣጥ፣ ጎረቤቱ በየትኛው በር መግባት እንደሚሻ የሰጠው ጥቆማ፣ ከውጭ በቀጥታ መሰማቱና በውስጥ ያለው ርቀት በየተራ ይታያሉ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የመስመሩ ፍጥነትም ሆነ የትራፊኩ መጨናነቅ እንደሌለ አስተውሉ። ተርታው ያነሰ መንገድ ሁሉ ፈጣን መንገድ አይደለም፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ምርጫ በላይ የሆነ ሌላ ሕግ አለ። እሽግ በሚተላለፍበት ጊዜ ለአድራሻው ይበልጥ ጠባብ የሆነው ክልል ሁልጊዜ ሰፊውን ያሸንፋል። በ/22 የሚጻፍ ክልል 1,024 አድራሻዎችን ሲይዝ፣ በ/24 የሚጻፈው 256 ብቻ ይይዛል። አንዱ መረብ ሰፊውን፣ ሌላው በውስጡ የሚገኘውን ጠባቡን ቢያውጅ፣ የሰፊው ባለቤት የቱንም ያህል የቀረበና የተመረጠ ቢሆን እሽጉ የሚሄደው ወደ ጠባቡ ነው። ይህ ሕግ ወደፊት ለምንመለከተው አደጋ ቁልፍ ስለሆነ በልባችሁ ያዙልኝ።

ከመንገዱ በስተጀርባ ያለው ገንዘብ

የሥርዓቱን ባሕርይ ለመረዳት የመረቦቹን የንግድ ዝምድና ማወቅ ግድ ነው። ዝምድናው በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት አይወጣም። አንደኛው ትንሹ መረብ ለትልቁ እየከፈለ ወደ ዓለም ሁሉ የሚያልፍበት የደንበኝነት ውል ነው። ሁለተኛው ሁለት እኩያ መረቦች ደንበኞቻቸውን ብቻ ያለ ክፍያ የሚያገናኙበት ስምምነት ነው።

ከዚህም የሚከተለው ደንብ ይወጣል። ከደንበኛ የተሰማ መንገድ ገቢ ስለሚያስገኝ ለሁሉም ይታወጃል፤ ከእኩያ ወይም ከአቅራቢ የተሰማ መንገድ ግን ለደንበኞች ብቻ ይታወጃል። መንገድ ሲመረጥም ደንበኛ ከእኩያ፣ እኩያም ከአቅራቢ ይቀድማል። ሊሺን ጋኦና ጄኒፈር ሬክስፎርድ በ2001 ባሳተሙት ጥናት እንዳረጋገጡት፣ እያንዳንዱ መረብ ለራሱ ጥቅም ሲል እንዲህ ያለውን ደንብ ቢጠብቅና ማንም በዙር የአቅራቢው አቅራቢ እስካልሆነ ድረስ፣ ያለ ማእከላዊ አስተባባሪ አጠቃላዩ ሥርዓት ይረጋጋል። አዛዥ የሌለው ገበያ የሚቆመው ሁሉም ውሉን በማክበሩ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው።

በራውተሩ ላይ ምን ይጻፋል?

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ። አንድ ባንክ ወይም አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሁለት አቅራቢዎች መስመር ገዝቶ፣ አንደኛው ቢቆረጥ በሌላው መቀጠል ይፈልጋል እንበል። ለማስተማሪያ ብቻ ተለይተው የተቀመጡ ቁጥሮች ስላሉ በእነርሱ እንጠቀም። የድርጅቱ ቁጥር 64500፣ የአቅራቢዎቹ ቁጥሮች 64501 እና 64502፣ የድርጅቱ የአድራሻ ክልል ደግሞ 203.0.113.0/24 ይሁን።

መሐንዲሱ በመጀመሪያ የራሱን ቁጥር ይጽፋል። ቀጥሎም የእያንዳንዱን ጎረቤት አድራሻና ቁጥር፣ የጋራውንም የምስጢር ቃል ያሰፍራል። ሦስተኛው የሚያውጀውን ክልል መጥቀስ ነው። በብዙ ራውተሮች ላይ ግን ክልሉ በራውተሩ በራሱ ሰሌዳ ላይ በልኩ ካልተገኘ ማስታወቂያው አይወጣም። ጀማሪው ሁሉን ነገር በትክክል ጽፎ ማስታወቂያው ያልወጣበትን ምክንያት ሲፈልግ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። መፍትሔውም ክልሉን በሙሉ የትም ወደማያደርስ ባዶ በር የሚያመለክት ቋሚ መስመር መጻፍ ነው፤ በውስጥ ያሉት ጠባብ ክልሎች በጠባብነታቸው ስለሚያሸንፉ ትክክለኛው ትራፊክ አይጠፋም።

እስከዚህ ድረስ ያለው በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። አገልግሎቱም ይጀምራል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። የሙያው ሚዛን ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ይኸውም ማጣሪያ።

ማጣሪያ ያልተጻፈበት ራውተር ከ64501 የሰማውን የዓለም መንገድ ሁሉ ለ64502 መልሶ ያውጃል። 64502ም በበኩሉ ከደንበኛ የመጣ መንገድ ገቢ ነው በሚለው ደንቡ መሠረት ይህን ይመርጣል። በዚህ ጊዜ በሁለት ታላላቅ መረቦች መካከል ሊያልፍ የሚገባው ትራፊክ በባንኩ ትንሽ መስመር ውስጥ ለማለፍ ይጎርፋል፤ መስመሩም ይታነቃል። ይህ በሙያው የመንገድ ማፍሰስ ይባላል። ለመከላከል የሚበቃው አንድ አጭር ትእዛዝ ነው፤ ከ203.0.113.0/24 በቀር ለማንም ምንም አታውጅ የሚል።

ወደ ውስጥ በሚገባውም ላይ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የራሳችን ክልል ከውጭ ሲታወጅ አንቀበልም፤ ለግል ጥቅም የተከለሉ አድራሻዎችን አንቀበልም፤ ከ/24 የጠበበ ክልልም አንቀበልም። በዚህም ላይ ከአንድ ጎረቤት የምንቀበለው የመንገድ ብዛት ወሰን ሊኖረው ይገባል። የዓለም የመንገድ ሰሌዳ በኦገስት 2014 ከ512 ሺህ በላይ ሲሆን የማስታወሻ አቅማቸው በዚያ ቁጥር የተወሰነ አሮጌ ራውተሮች መሰናከላቸው ይታወሳል፤ ዛሬ ሰሌዳው ከ900 ሺህ በላይ ነው። በ2017 የወጣው ደንብ መመሪያ ያልተጻፈለት የውጭ ጎረቤት ምንም እንዳይቀበልና ምንም እንዳያስተላልፍ ያዝዛል። ይሁን እንጂ ሁሉም ራውተር ይህን የሚያከብር ባለመሆኑ በደንቡ ተማምኖ መተኛት አይገባም።

የትራፊኩን አቅጣጫ መምራትን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ወደ ውጭ የሚወጣው በእጃችን ነው፤ የምርጫ ክብደቱን ከፍ ባደረግንለት በር ይወጣል። ወደ እኛ የሚገባው ግን በሌሎች ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። የራሳችንን ቁጥር በተርታው ላይ ደጋግመን ጽፈን አንደኛውን መንገድ ረጅም ልናስመስለው እንችላለን፤ ይህ ግን ልመና እንጂ ትእዛዝ አይደለም። በመረቡ ውስጥ ከአንድ በላይ ራውተር ካለም እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሊነጋገር ይገባዋል፤ 10 ራውተሮች 45 ግንኙነት ይጠይቃሉና ብዛቱ ሲጨምር አንዱን አስተላላፊ አድርጎ መሾም የተለመደ ነው።

ሦስት አደጋዎችና ትምህርታቸው

ማስታወቂያን በእምነት መቀበል ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ከታወቁት ታሪኮች ሦስቱን ልጥቀስ።

በኤፕሪል 25፣ 1997 በአሜሪካ የሚገኝና ቁጥሩ 7007 የነበረ መረብ ከጎረቤት የሰማውን ብዙ የዓለም መንገድ ወደ /24 ከፋፍሎ፣ የመረቦቹን ተርታ አጥፍቶ፣ የራሱ አስመስሎ መልሶ አወጀ። ጠባቡ ሰፊውን ያሸንፋልና የዓለም ትራፊክ ወደዚያው ጎረፈ። መሐንዲሶቹ ራውተሩን ነቅለው እንኳ ወሬው በሌሎች መረቦች ላይ ለተወሰነ ጊዜ መዞሩን አላቆመም።

ሁለተኛው በፌብሩዋሪ 24፣ 2008 የደረሰው ነው። የፓኪስታን መንግሥት ዩቲዩብ በአገሩ እንዳይታይ ባዘዘ ጊዜ የአገሪቱ ቴሌኮም ዩቲዩብ በ/22 ከሚያውጀው ክልል ውስጥ አንዱን /24 ወደ ባዶ በር አመለከተ። ይህ በአገር ውስጥ ሊቀር የታሰበ መንገድ ግን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ47 ላይ ሆንግ ኮንግ ወደሚገኘው አቅራቢ ወጣ፤ አቅራቢውም ሳያጣራ ለዓለም አሰራጨው። ዩቲዩብ 5 ሰዓት ከ7 ላይ ያንኑ /24 አወጀ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ እኩል ጠባብ ስለሆኑ በተርታ ርዝመት ዓለምን ተካፈሉት። 5 ሰዓት ከ18 ላይ ይበልጥ ጠባብ የሆኑ ሁለት /25 ቢያውጅም፣ ብዙ መረቦች ከ/24 የጠበበውን ስለማይቀበሉ ይህ ብቻውን ሙሉ ፈውስ አልሆነም። ነገሩ የተቋጨው 6 ሰዓት ከ1 ላይ አቅራቢው የፓኪስታኑን ማስታወቂያዎች ሲሰርዝ ነው። በጠቅላላው 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ መሆኑ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከላይ የዘረዘርኳቸው ሕጎች ሁሉ በየተራ ሲሠሩ ይታያሉ፤ ስለሆነም ለማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሦስተኛው ከውጭ በመጣ ውሸት ሳይሆን ከውስጥ በመጣ ዝምታ የደረሰ ነው። በኦክቶበር 4፣ 2021 በፌስቡክ መረብ ላይ ለጥገና የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የውስጡን የጀርባ አጥንት በጠቅላላ ቆረጠው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ሊያግድ የተሠራው መፈተሻ ጉድለት ስለነበረበት አላገደውም። ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉሙት ኮምፒዩተሮችም ከማእከላቸው ሲለያዩ ራሳቸውን እንደ በሽተኛ ቆጥረው፣ እንደ ታዘዙት፣ ማስታወቂያቸውን ከዓለም ሰረዙ። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለ6 ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ጠፉ። መሐንዲሶቹ ከሩቅ ሊጠግኑት አልቻሉም፤ የሚጠግኑበት መንገድ ራሱ የተቆረጠው መንገድ ነበርና። ስለዚህ ራውተር ላይ ለውጥ የሚያደርግ ሰው ወደዚያ ራውተር የሚደርስበት ሌላ መንገድ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

እምነትን በማስረጃ መተካት

ዛሬ አር.ፒ.ኬ.አይ. የሚባል የማስረጃ ሥርዓት አለ። የአድራሻ ባለቤት ክልሉን ሊያውጅ የሚችለው መረብ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ክልሉም እስከ ምን ድረስ ሊጠብብ እንደሚችል በፊርማ አረጋግጦ ያስመዘግባል። ሌሎች ራውተሮችም ማስታወቂያ ሲደርሳቸው ከዚህ ጋር አስተያይተው ትክክል፣ ስሕተት ወይም ያልተመዘገበ ይሉታል። በ2024 በዓለም ሰሌዳ ላይ ካሉት የአይ.ፒ. አራተኛ እትም መንገዶች ከግማሽ የሚበልጡት በዚህ ተመዝግበዋል። ነገር ግን ማስረጃው የሚያረጋግጠው የማስታወቂያውን መነሻ እንጂ የተጓዘበትን ተርታ አይደለም። መነሻው እውነተኛ የሆነ፣ መንገዱ ግን የፈሰሰ ማስታወቂያ አሁንም ያልፋል። ማጣሪያን የሚተካ ነገር አልተገኘም ማለት ነው።

ጉዳዩ እኛን ምን ይመለከተናል?

አንዳንድ ባልደረቦች ይህ የቴሌኮም ሠራተኞች ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም ሲሉ ይሰማል። ኢንተርኔት ወደ አገራችን ከገባበት ከ1997 ጀምሮ ለረጅም ዘመን አቅራቢው አንድ ብቻ ስለነበር አባባሉ መሠረት ነበረው። ወደ ዓለም የሚያወጣ አንድ በር ብቻ ላለው ድርጅት ቢ.ጂ.ፒ. አያስፈልገውም፤ ምርጫ የሌለው ሰው መንገድ አይጠይቅምና። ከ2022 ወዲህ ግን ሁለተኛው ኦፐሬተር፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ አገልግሎት ጀምሯል። ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ከሁለት በር መውጣት በሚችሉበት ዘመን፣ የመንገዱን መመሪያ የሚጽፍ መሐንዲስ በየድርጅቱ ያስፈልጋል።

ከዚህም በላይ አገራችን ወደብ የላትም። የባሕር ኬብሎች ላይ የምንደርሰው በጎረቤቶቻችን በኩል ነው። ከሁለት መረቦች አንዱ ለሌላው የሚልከው እሽግ በአንድ ከተማ ውስጥ ተረካክቦ ያልቃል ወይስ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል? የሚለው ጥያቄ የገንዘብም የጊዜም ጥያቄ ነው። ኬንያውያን ይህን አስቀድመው ገጥመውታል። በናይሮቢ ያሉ መረቦች በ2000 መጨረሻ ላይ የጋራ መለዋወጫ ጣቢያ ሲከፍቱ፣ የአገሪቱ ቴሌኮም ብቸኛ መብቴን ነካ ብሎ በመቃወሙ ጣቢያው ወዲያው ተዘጋ። መረቦቹ ግን ተከራክረው በ2002 አስከፈቱት። ከዚያ በፊት በአንድ ከተማ ውስጥ የሚላክ ደብዳቤ በሳተላይት ውቅያኖስ ተሻግሮ ይመለስ ነበር። ለውጡን ያመጣው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ቢ.ጂ.ፒ.ን የሚያውቁና እርስ በርስ የሚተማመኑ ጥቂት ባለሙያዎች መኖራቸው ነው።

በእኛ ዘንድ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተቀዳ ጽሑፍ ነው። ራውተሩን የሸጠው ተቋራጭ ጽፎት የሄደውን መመሪያ፣ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር፣ ለዓመታት ሳይነካ እናቆየዋለን። የጻፈው ሰው ሄዷል፤ ማጣሪያው ምን እንደሚከለክል የሚናገር ሰነድ የለም፤ አዲሱ ሠራተኛም እንዳይበላሽ ፈርቶ አይነካውም። መመሪያውን አንብቦ የሚያስረዳ ሰው እስከሌለው ድረስ፣ ራውተሩን የገዛው ድርጅት ባለቤቱ ሆኗል ለማለት ያስቸግራል።

እንዴት እንማረው?

በበኩሌ የምመክረው የትምህርት ቅደም ተከተል ቀላል ነው። ለልምምድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ኤፍ.አር.አር. የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ፣ አራት አምስት የሐሳብ ራውተሮችን በውስጡ ማቆም ይቻላል።

በመጀመሪያ ሁለቱን ብቻ አገናኝቶ ሰላምታው ሲሳካና ሲከሽፍ ማየት ነው። ቀጥሎ ሦስተኛውን ጨምሮ ተርታው ሲረዝም መመልከት ይገባል። ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ ማበላሸት ነው፤ ማጣሪያውን አንሥቶ መንገድ ማፍሰስ፣ የፓኪስታኑን ታሪክ በትንሹ ደግሞ መሥራት፣ በመጨረሻም መጠገን። በልምምድ ክፍል ውስጥ አሥር ጊዜ ያበላሸ ሰው በሥራ ላይ እጁ አይንቀጠቀጥም። ከዚህ ጎን የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ በሩት ቪውስ ለሁሉም የከፈተውን የዓለም ሰሌዳ ማንበብ ይጠቅማል፤ የገዛ አገራችን የአድራሻ ክልሎች ከሩቅ በየትኛው ተርታ እንደሚታዩ በዚያ ይገኛልና።

ለማኅበራችንም ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የእጅ ሥራ ላይ የተመሠረተ የልምምድ ሳምንት ቢዘጋጅ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የሥራ ቦታ በድንበር ራውተሩ ላይ ያለውን መመሪያ በመስመር በመስመሩ በአማርኛ የሚያብራራ ሰነድ እንዲያዘጋጅና በየዓመቱ እንዲያድስ ብንመክር። ሦስተኛ፣ የጎረቤት መረቦች መሐንዲሶች በስልክ የሚፈላለጉበት ዝርዝር በማኅበሩ አማካይነት ቢያዝ። በ2008ቱ አደጋ የመጨረሻውን መፍትሔ ያስገኘው የዩቲዩብ ራውተር ሳይሆን የጎረቤት እርምጃ መሆኑን አይተናል፤ በሌሊት 6 ሰዓት ማንን መቀስቀስ እንዳለበት ያላወቀ መሐንዲስ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ብቻውን ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ይህ ሥርዓት የተሠራው ጎረቤት ለጎረቤት እውነት ይናገራል በሚል እምነት ላይ ነው። እምነቱን የሚጠብቀው ፕሮቶኮሉ ሳይሆን ለጎረቤቱ የሚያውጀውን ነገር ከማውጣቱ በፊት የሚመረምር ባለሙያ ነው። በየመሥሪያ ቤታችሁ ነገ ስትገቡ በድንበር ራውተራችሁ ላይ የተጻፈውን የመውጫ ማጣሪያ እንድታነቡ፣ ከሌለም እንድትጽፉ አደራ እላለሁ።